በቦዬ ረግረግ ወንዝ ሲሞላ ወፍ ማየት፦ የአስጎብኚ አገልግሎት ግምገማ

ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ ወደሚገኘው የቦዬ ረግረግ ወፍ ለማየት የሚሄድ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ በጋውን ይመርጣል። እኔ ግን የሄድኩት በነሐሴ፣ ከተማውን አቋርጦ የሚወርደው አዌቱ ሞልቶ ሜዳው ውኃ በለበሰበት ሰሞን ሲሆን፣ ለግማሽ ቀን የቀጠርኩት የአካባቢው አስጎብኚ ዋጋው የሚታወቀው በዚህ ወቅት ነው ብዬ አምናለሁ።

አስጎብኚው ወደ ወንዙ ዳር አልወሰደኝም። ውኃው ሲሰፋ ከሣሩ ውስጥ የሚያስወጣቸውን እንቁራሪቶችና ነፍሳት ለመልቀም ወፎቹ የጎርፉን ጠርዝ ተከትለው ስለሚሰበሰቡ፣ ከብት ከሚግጥበት ከፍ ያለ መሬት ላይ አቁሞኝ፣ የትኛው መስክ በሌሊት እንደተዋጠ እረኞቹን በኦሮምኛ ይጠይቅ ነበር። በቦዬ ጉማሬ ስላለ ወደ ደንገሉ እንዳልጠጋ የከለከለኝም በትሕትና ነው፤ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ከዚህ አያልፉም» ብሎ በቃ።

ሁለቱን የክሬን፣ ማለትም እግረ ረጅምና አንገተ ረጅም የሆነው ትልቅ ወፍ፣ ዓይነቶች በአንድ ጠዋት አሳይቶኛል። አንደኛው ከአገጩ ሥር ሥጋ የሚንጠለጠልበት፣ በአፍሪካ ካሉት ክሬኖች ሁሉ በቁመት የሚበልጠው ነው፤ ዋናው መኖሪያው በአህጉሩ ደቡብ ሆኖ ሳለ በኢትዮጵያ የሚገኘው ከዘመዶቹ ተነጥሎ የቀረ ነው። ሁለተኛው ወርቃማ ዘውድ የደፋው ጥቁር ክሬን ሲሆን፣ ጉንጩ ላይ ያለው ነጭና ቀይ በመነጽር ቁልጭ ብሎ ይታያል። አስጎብኚው ዛፍ ላይ ያረፈውን እያመለከተ፣ ረጅሙ የኋላ ጣቱ ቅርንጫፍ እንደሚያስጨብጠውና ሌሎቹ ክሬኖች ግን ይህን እንደማይችሉ አስረዳኝ። ክረምቱ የእንቁላላቸው ወቅት በመሆኑ ፎቶ ለማንሳት ቀረብ እንበል ብለው ለሚጎተጉቱት ጎብኚዎችም እሺ እንደማይል ነገረኝ፤ እኔ በበኩሌ ለዚህ ብቻ ጉርሻ ጨምሬለታለሁ።

የመሣሪያው ነገር ግን አያስመሰግንም። ያከራየኝ መነጽር አንደኛው መስታወት በእርጥበት የደበዘዘ ነበር፤ የላስቲክ ቦቲው ደግሞ በስልክ በተስማማንበት ሒሳብ ውስጥ አልተካተተም ተብሎ ለብቻው አስከፍሎኛል። በመንገዱ ላይ የሚታየው ጡብ ለመሥራት የተቆፈረ ጭቃና ከከተማው የወረደ የፕላስቲክ ክምር የእሱ ጥፋት ባይሆንም፣ ረግረጉ ለምን እየጠበበ እንደሚሄድ ሳይጠየቅ ቢያብራራ ጉብኝቱ የተሟላ ይሆን ነበር።

ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡትን ስደተኛ ወፎች ማየት የሚፈልግ ሰው ከጥቅምት በኋላ ቢሄድ ይሻለዋል። በክረምት የሚሄድ ግን የራሱን መነጽር ይያዝ፤ ከረፋድ በኋላ ዝናቡ ስለሚበረታ ገና ጎሕ ሲቀድ ይነሳ፤ ባጃጁንም ለመመለሻው ጭምር አስቀድሞ ይዋዋል፤ መንገዱ ሲጨቀይ ቆሞ የሚጠብቅ ሾፌር ማግኘት ቀላል አይደለምና።