ፒያኖ ያላችሁ ሁሉ፣ እኚህን ሰው እወቋቸው

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። የምስጋናው ባለቤት ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈቀዱ ተማሪዎቼ እንደሚጠሯቸው ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ሥራቸው ፒያኖ መቃኘትና መጠገን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ልጆችን ፒያኖ ሳስተምር እንደ እርሳቸው ያለ ጆሮ ያለው ሰው አላጋጠመኝም።

ለአንድ ቃኚ ይህን ያህል ውዳሴ ምንድን ነው የሚል ካለ፣ እስቲ የፒያኒስትን ኑሮ ያስበው። ክራር የሚደረድር ሰው ክራሩን የሚቃኘው ራሱ ነው። ማሲንቆ የሚመታውም ጠምዝዞ፣ አድምጦ፣ ደግሞ ጠምዝዞ ይጀምራል። ቫዮሊን ተጫዋች መሣሪያውን በብብቱ ይዞ አገር ያቋርጣል። ፒያኒስት ብቻ ነው የሄደበት አዳራሽ ያቆየለትን መሣሪያ፣ እንደ ዕድሉ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ የሚጫወተው። ግርማ ይፍራሸዋን ውሰዱ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ይጫወት የነበረው ክራር ነው። ፒያኖን ያወቀው በ16 ዓመቱ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነበር። በሌላው ዓለም ልጆች በአምስትና በስድስት ዓመታቸው በሚጀምሩት ሙያ ይህ እጅግ የዘገየ ዕድሜ ነው፤ ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጃቸው «ጊዜው አልፎባታል» ለሚሉኝ ወላጆች ሁልጊዜ የምነግራቸው ይህንኑ ነው። ከዚያ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ኮንሰርቫቶሪ ተማረ፤ ተመልሶ በያሬድ አስተማረ፤ የሾፓንንና የደቡሲን ሥራዎች ከራሱ ድርሰቶች ጎን አሰልፎ በብዙ አገር መድረክ ተጫወተ። ክራሩን በገዛ እጁ ይቃኝ የነበረው ልጅ ፒያኒስት ሲሆን ቅኝቱን በየከተማው ለማያውቀው ሰው አደራ መስጠት ግድ ሆነበት።

ዝነኛው ፒያኒስት ቭላድሚር ሆሮዊትዝ ግን ይህን አደራ ለማንም አልሰጥም ያለ ሰው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1925 ከሶቭየት ኅብረት ወጥቶ፣ ከዚያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1986 ሞስኮ ላይ ሲጫወት፣ ኒውዮርክ ቤቱ የነበረውን ስታይንዌይ ፒያኖ አስጭኖ፣ ቃኚውን ፍራንዝ ሞርን አስከትሎ ነው የሄደው። ዕድሜው 82 ነበር። እኔና ተማሪዎቼ ፒያኖ በአውሮፕላን ማስጫን አንችልም። እኛ ያለን ጋሼ ናቸው።

የዓመቱ መዝጊያ ዝግጅታችን የተደረገበት ፒያኖ አሮጌ ነው፤ ግድግዳ ተጠግቶ የሚቆመው ዓይነት። ከመደበኛው ድምፅ ግማሽ ቃና ያህል ወርዶ ነበር። ከዚያ በፊት የመጣ አንድ «ባለሙያ» ደግሞ አውታሮቹ የሚጠመጠሙባቸው ብረቶች ላይ ዘይት አፍስሶባቸዋል። እነዚያ ብረቶች ቅኝቱን የሚይዙት ተጠብቀው ከገቡበት እንጨት ጋር በሚፈጥሩት ፍትጊያ ነው፤ ዘይት ከገባ ፍትጊያው ይጠፋል፣ የተወጠረውም አውታር መልሶ ይላላል። ጋሼ ክዳኑን ከፍተው ይህን ሲያዩ አልተሳደቡም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉት። እኔ ብሆን እሳደብ ነበር።

ፒያኖ 88 ቁልፎች አሉት፤ አውታሮቹ ግን ወደ 230 ይጠጋሉ። ወፍራሙ ድምፅ አንድ አውታር ይበቃዋል፤ ከመካከል ወደ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ቁልፎች ግን እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት አውታር አላቸው፤ ሦስቱም እንደ አንድ ካልጮሁ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። በሁሉም ላይ ያለው ውጥረት ሲደመር ብዙ ቶን ስለሚሆን፣ የወረደን ፒያኖ በአንድ ዙር ማንሳት አይቻልም። አንዱን ወገን ሲያጠብቁት የሌላው ይላላል። ጋሼ ስለዚህ መጀመሪያ ሁሉንም በግምት አነሱ፤ ጥቂት ቀናት አሳድረው ተመልሰው መጡና፣ በሰከንድ 440 ጊዜ ከሚርገበገበው ከመሠረቱ ድምፅ ተነሥተው አንድ በአንድ ቃኙት። ዘይት የነካቸውን ብረቶች እያወጡ ወፈር ባሉ ተኩ። በብዛት ከመመታት የደደሩትን የመዶሻዎቹን የሱፍ ልባሶችም በመርፌ ወግተው አለሰለሱ። ይህን የመጨረሻውን ሥራ እኔ አልጠየቅኳቸውም።

በዝግጅቱ ቀን አንዷ ተማሪዬ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ድርሰት ተጫወተች። የእማሆይ ሙዚቃ መደበቂያ የለውም። ጥቂት ድምፆች ናቸው፣ በመካከላቸው ብዙ ዝምታ አለ፤ ከሦስቱ አውታሮች አንዱ ቢያፈነግጥ አዳራሹ ሁሉ ይሰማዋል። አንድም አላፈነገጠም። ጋሼ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ነበር፤ ልጅቷን ሳይሆን ፒያኖውን ሲያዳምጡ እንደነበር ከፊታቸው ያስታውቃል።

እንግዲህ ለሚጠሯቸው ሰዎች እውነቱን ልናገር። ጋሼ ፈጣን አይደሉም። ሲሠሩ ቤቱ ጸጥ እንዲል ይፈልጋሉ፤ ቴሌቪዥን ይዘጋል፣ ቡና የሚወቀጠው በኋላ ነው። ዋጋ በስልክ አይነግሩም፤ ውስጡን ሳያዩ መናገር ደንበኛን ማታለል ነው ይላሉ። የአንዲት ወዳጄን ፒያኖ አይተው «እንጨቱ ተሰንጥቋል፣ ገንዘብሽን አትጨርሺበት» ብለዋት ሳይከፈላቸው ሄደዋል። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ እርሷ ግን እስከ ዛሬ ተቀይማለች።

ለእኔ የመከሩኝን ለእናንተም ላካፍል። ክረምት ሲገባ እርጥበቱ ድምፁን የሚያጎላውን ጣውላ ያሳብጠዋል፣ ቅኝቱም ወደ ላይ ይወጣል፤ በበጋ ጣውላው ይኮማተርና ይወርዳል። ስለዚህ ሐምሌ ላይ ማስቃኘት ብር መጣል ነው። ከመስቀል በኋላ፣ አየሩ ሲረጋ፣ ጥቅምት ላይ ማድረጉ ይሻላል። ፒያኖውን ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት አርቁት፤ ከእርጥብ ግድግዳም እንዲሁ። የአበባ ማስቀመጫ ደግሞ ከላዩ አንሡ፤ ይህን የሚናገሩት በቁጣ ነው።

የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት ክዳኑን ከፍታችሁ የፒያኖውን ሥሪትና ውስጡ ላይ የታተመውን ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው እርሱ ነው።