የሰፈራችን ፖሊስ ጣቢያ ከሰው ቅነሳው በኋላ

ሰሜን ሸዋ ደሴ መንገድ ዳር ነው የምንኖረው፣ የጣቢያውን ስም አልጠራም አገልግሎቱን ግን ልናገር። አዲስ መዋቅር ተብሎ ገሚሱ ፖሊስ ወደ ቀበሌ ተመደበ፣ ገሚሱ ጡረታ ወጣና በቦታው ሰው አልተተካም። መታወቂያ ጠፍቶብኝ ማስረጃ ልጠይቅ ስሄድ መግቢያው ላይ ያለችው ሳጅን በኮምፒውተር ቶሎ ጨረሰችልኝ፣ በጣም ጎበዝ ናት እግዜር ይስጣት።

ምርመራ ክፍል ግን ሌላ ነው። ነባሮቹ ኮምፒውተሩን አንነካም ብለው አሁንም መዝገብ በእጅ ነው የሚጽፉት፣ ባለጉዳይ ኮሪደር ላይ ተኮልኩሎ ይውላል፣ እኔ ግን አልፈርድባቸውም ምክንያቱም ስልጠና ሳትሰጥ ሰው ቀንሰህ የሁለት ሰው ስራ ላንዱ ስትጭንበት ማንም ያኮርፋል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፣ መርማሪ አነሰ ተብሎ ሰዓቱ አይረዝምም እኮ! አዛዡ መመሪያ ከመለጠፍ በፊት እነዚህን ሰዎች ቁጭ አድርጎ ቢያዳምጣቸው፣ ያቺን ሳጅን አሰልጣኝ ቢያደርጋትስ?

ለወረቀት ጉዳይ ከሆነ ሂዱ፣ ጥሩ ነው። ክስ ካላችሁ ግን ጠዋት በጊዜ ግቡና የመዝገብ ቁጥራችሁን ሳትይዙ እንዳትወጡ።