ከፊቱ ቅጠል የተሳለበት የሕፃናት ቅባት፣ ከጀርባው ያነበብነው

ልጄ 14 ወሯ ነው። ጥርስ ማውጣት ከጀመረች ወዲህ ለሃጯ ማቆሚያ የለውም፣ አገጯም ጉንጯም ቀኑን ሙሉ እርጥብ ነው፣ ስንጠርግላት ደግሞ ይደርቅና ይቀላል፣ እና እኔና እናቷ ከለሃጩ የሚከላከልላት ደህና ቅባት ብለን በተለያየ ጊዜ ሁለት ዓይነት ገዛን። ስማቸውን አልጠራም፣ የአንድ ድርጅት ጉዳይ ስላልሆነ፣ የመጀመሪያውን የሚመስሉ ብዙ ናቸው። ውስጣቸውን ነው የምነግራችሁ።

የመጀመሪያው ክብ ትንሽ ቆርቆሮ ነው። ክዳኑ ላይ አረንጓዴ ቅጠል፣ ከሥሩ "100% ተፈጥሯዊ"፣ "ከተወለዱ ጀምሮ"፣ "በቆዳ ሐኪም የተፈተነ" ይላል። ስትከፍቱት ክፍሉን የሚሞላ የአበባ ሽታ አለው። እውነት ለመናገር እንደ ቅባት ከታየ ጥሩ ነው፣ ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ መጀመሪያ ጠንከር ብሎ በጣት ትንሽ አሸት ሲያደርጉት ቀልጦ የሚሄድ፣ ጥፍር የምታክል ብቻ ሁለቱንም ጉንጭ ታዳርሳለች፣ ልብስም አይነካም። የመጀመሪያው ሳምንት ጉንጯ ለስልሶ ደስ ብሎን ነበር።

በ11ኛው ቀን አካባቢ አገጯ ላይ ትንንሽ ቀይ ሽፍታ ወጣ። ለሃጩ ነው ብለን ቅባቱን ጨመርንላት፣ በነጋታው ባሰ፣ አሁንም ጨመርን። እስካሁን የሚቆጨኝ ይሄ ነው፣ ልጅቷ ሌሊቱን ጉንጯን አንሶላው ላይ ስታሽ እያደረች እኛ ያንኑ ነገር እየደራረብንላት ነበር። ልብ ያላልነው ነገር ቅላቱ የሚያቆመው ልክ ጣታችን የሚያቆምበት ቦታ ላይ ነው፣ በእስክሪብቶ የተሰመረ ነው የሚመስለው፣ ለሃጭ ቢሆን እኮ አንገቷ ድረስ በወረደ ነበር።

የቆዳ ሐኪም ጋ ስንደውል "የምትቀቧትን ሁሉ ይዛችሁ ኑ" ተባልን። ዶክተሯ ቆርቆሮውን ስትቀበለኝ ቅጠሉን አላየችም፣ ቀጥታ ገልብጣ ከታች ያለችውን ለማየት የምታስቸግር ጽሑፍ ነው ያነበበችው። እኔም ያን ቀን ነው ማንበብ የጀመርኩት። የኢንግሪዲየንት ዝርዝር ከብዙ ወደ ጥቂት ነው የሚጻፈው፣ ከ1% በታች የሆኑት ብቻ እንደፈለጉ ይደረደራሉ። የኛ ላይ የሱፍ ዘይት፣ የንብ ሰም፣ የሺአ ቅቤ ይላል፣ እዚህ ድረስ ብዙ የሚያሳስብ ነገር የለም። ቀጥሎ ላኖሊን፣ ከበግ ፀጉር የሚወጣው ሰም መሰል ቅባት ነው፣ ለብዙ ሰው ይስማማል፣ ኤክዜማ (ቆዳ እየደረቀ፣ እየቀላና እያሳከከ የሚመላለስ ሕመም) ያለበት ልጅ ላይ ግን አለርጂ ማምጣቱ የታወቀ ነው፣ የአሜሪካ የንክኪ አለርጂ ሐኪሞች ማኅበር በ2023 የዓመቱ አለርጂ አምጪ ብሎ የሰየመው እሱን ነው። ከዛ የላቬንደር ዘይት፣ የብርቱካን ልጣጭ ዘይት፣ መጨረሻ ላይ ሊናሉል፣ ሊሞኒን፣ ጄራኒዮል።

እኔ እነዚህን የመጨረሻዎቹን ፋብሪካ የጨመራቸው ኬሚካል መስለውኝ ተናደድኩ። አይደሉም። ላቬንደሩና የብርቱካን ልጣጩ ውስጥ በተፈጥሯቸው ያሉ ናቸው፣ ለብቻ የተጻፉት የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሳይታጠብ ቆዳ ላይ የሚቀር ቅባት ውስጥ ከ0.001% ከበለጡ ስማቸው ይውጣ ስለሚል ነው። አለርጂ ሊያመጡ ይችላሉ ማለት ነው። ሊናሉልና ሊሞኒን ደግሞ አየር ባገኛቸው ቁጥር ይለወጡና ይብሳሉ፣ ስለዚህ ከተከፈተ የቆየ ቆርቆሮ ከአዲሱ የከፋ ሊሆን ይችላል። "ተፈጥሯዊ" የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ይናገራል እንጂ ቆዳ ይወደዋል አይልም።

በመጀመሪያው ቀን ለምን አልታየም ያላችሁ እንደሆነ፣ አለርጂ ሲጀምር እንዲህ ነው፣ ሰውነት ነገሩን እስኪለየው ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ለዚህ ነው አንድ ቀን ክንድ ላይ ቀብቶ "ተስማምቷታል" ማለት የማይበቃው፣ አሁን አዲስ ነገር ከመጣ ክርኗ ውስጥ ትንሽ ቦታ ላይ በቀን ሁለት ጊዜ ከሳምንት በላይ ሳንሞክር ፊቷ ላይ አናደርግም። የሕፃን ቆዳ ከኛ ይሳሳል፣ የቆዳዋ ስፋትም ከክብደቷ ጋር ሲታይ ከኛ በጣም ይበልጣል፣ የተቀባው ነገር ወደ ውስጥ የሚገባው መጠንም በዛው ልክ ነው።

ሁለተኛው ዶክተሯ ያለችን ዓይነት ነው፣ ቱቦ ውስጥ ያለ፣ ሽታ የሌለው፣ ዝርዝሩ ላይ ሦስት ነገር ብቻ፦ ነጭ ፔትሮላተም፣ ፓራፊን፣ ሰም። ባለቤቴ መጀመሪያ "ከነዳጅ የሚወጣ ነገር ለልጅ?" ብላ አልተዋጠላትም ነበር፣ ጥያቄዋም ትክክል ነው፣ በደንብ ያልተጣራ ከሆነ ካንሰር ሊያመጡ የሚችሉ ነገሮች ይቀሩበታል፣ ለመድኃኒት በሚሆን ደረጃ የተጣራው ግን አለርጂ የሚያመጣው ከስንት አንዴ ነው፣ ውኃም ከቆዳ እንዳይወጣ የሱን ያህል የሚይዝ ብዙ የለም። ውስጡ ውኃ ስለሌለ እንዳይበላሽ የሚጨመር መከላከያ ኬሚካልም አይፈልግም። ጉድለቱን ልንገራችሁ፣ ይጣበቃል፣ ልብስ ያቆሽሻል፣ ፀጉሯ ላይ ከደረሰ ደግሞ በአንድ እጥበት አይለቅም። ግን ሽፍታው አሮጌውን ካቆምን በሦስተኛው ሳምንት ለቀቃት።

አንድ ሌላ ነገር፣ ብዙዎቻችን የምንሸወድበት ስለሆነ። ቅጠል ያለበት ቆርቆሮ "ፓራቤን የለውም" ብሎ በትልቁ ጽፏል። ፓራቤን ቅባት እንዳይበላሽ የሚጨመር መከላከያ ነው፣ ውኃ የሌለበት ቅባት መጀመሪያውኑ አያስፈልገውም እኮ! የአውሮፓ ኅብረት በ2014 የከለከለው ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ዳይፐር ቦታ የሚቀባ ነገር ውስጥ ፕሮፒልና ቡቲል ፓራቤን እንዳይገባ ነው። ፓራቤን ተፈርቶ በምትኩ የገባው ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን ግን ብዙ ሰው ላይ አለርጂ አምጥቶ በኋላ ሳይታጠቡ ከሚቆዩ ቅባቶች እዛው አውሮፓ ታግዷል። "ሃይፖአለርጄኒክ" (አለርጂ የማምጣት ዕድሉ ትንሽ ነው ለማለት) የሚለውም አሜሪካ ውስጥ የሕግ ትርጉም የለውም። "ሽታ አልባ" እና "ፍራግራንስ የሌለው" (ሽቶ ያልተጨመረበት) ደግሞ አንድ አይደሉም፣ የመጀመሪያው ሽታውን የሚደብቅ ሌላ ሽቶ ሊኖረው ይችላል።

ከሁሉም በላይ የፈራሁትን ሳልናገር አልጨርስም። በዛው ሰሞን አፍንጫዋ ሲታፈን የባለቤቴ እህት በደግነት ደረት ላይ የሚቀባ የሚያቀዘቅዝ ቅባት አመጣችልን፣ ካምፎር፣ ሜንቶልና የባሕር ዛፍ ዘይት ያለበት። "እህቴ፣ ይሄ ለሷ አይሆንም፣ አንቺ ተቀቢው" ብያት መለስኩላት፣ ቅር እንዳላት ገብቶኛል። ካምፎር የያዙ ቅባቶች ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይደረጉም፣ ልጅ ከዋጠው በደቂቃዎች ውስጥ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል፣ የኛ ልጅ ደግሞ ደረቷን የነካችበትን እጅ ነው ወዲያው የምትጠባው። ሜንቶልም ሕፃን አፍንጫ አጠገብ ሲደረግ ትንፋሽ እስከማቋረጥ ሊያደርስ ይችላል። ለጡንቻ ሕመም በሚሸጡት ላይ ሜቲል ሳሊሲሌት የሚል ካያችሁ ልጅ እጁ ከማይደርስበት አስቀምጡት፣ የአስፕሪን ዘመድ ነው፣ ንጹሑ ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ከ20 የአዋቂ አስፕሪን እንክብል በላይ ነው።

አንድ ሌሊት ውስጥ ሽፍታ የሚያጠፋ "የቤት ውስጥ" ቅባት ካገኛችሁም ደስ ከማለታችሁ በፊት ጠርጥሩ፣ ዝርዝር የሌላቸው አንዳንዶቹ ውስጥ ስቴሮይድ የሚባል ኃይለኛ መድኃኒት ተደብቆ ተገኝቷል።

ለመጀመሪያው ከ5 ሁለት እሰጠዋለሁ፣ ሁለቱም ለአሠራሩ ነው፣ ለሕፃን የሚለውን ክዳኑ ላይ ባይጽፍ ከዚህ በላይ በሰጠሁት። ለሁለተኛው አራት ተኩል፣ ግማሿን የቀነስኩት ለልብሶቿ ነው። የመጀመሪያውን አልጣልነውም፣ ስታድግ የትኛው ንጥረ ነገር እንደሆነ በፓች ቴስት (ንጥረ ነገሮቹን ቆዳ ላይ ለጥፎ በሚታይ ምርመራ) ይለያል ብላ ዶክተሯ ስለነገረችን በፌስታል ጠቅልለን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠነዋል። ዛሬ ጠዋት አገጯ ላይ ከለሃጭ በቀር ምንም የለም።