ዘጠኝ ወር ከአሳና ከቆስጣ ጋር፦ ሳሎን ውስጥ ያቆምኩት አኳፖኒክስ

የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግቢ የለኝም፤ አፈር የለኝም። ባለፈው ሐምሌ አኳፖኒክስ ኪት፣ ማለትም አሳና አትክልት በአንድ ውሃ አብረው የሚያድጉበት ሙሉ ዕቃ፣ ገዝቼ ሳሎን መስኮት ስር አቆምኩ። አሁን መጋቢት ነው። "ያዋጣል ወይ?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ዕቃው ቀላል ነው። ከታች 100 ሊትር የሚይዝ የአሳ ገንዳ አለ፤ ከላይ ጠጠር የተሞላ መደብ። 18 ዋት የምትጠቀም ትንሽ ፓምፕ ውሃውን ወደ መደቡ ትገፋለች። መደቡ ሲሞላ ሳይፈን የሚባለው ቱቦ ውሃውን ባንዴ ወደ ገንዳው ይመልሰዋል። ከአሳው የሚወጣው አሞኒያ ነው። ጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል። አትክልቱ ናይትሬቱን ይመገባል፣ አሳው ንጹህ ውሃ ያገኛል።

ባክቴሪያዎቹ ግን ከኪቱ ጋር አይመጡም። ለመራባት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋሉ። ሻጩ የሰጠኝ ወረቀት "በማግስቱ አሳ ይጨምሩ" ይላል። አምኜው አስራ ሁለት የቆሮሶ (ቲላፒያ) ጫጩት ጨመርኩ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ አምስቱ ሞቱ። ይሄ እስካሁን ያናድደኛል። አንድ ተጨማሪ መስመር ቢጽፉ ኖሮ አይሞቱም ነበር። እናንተ ስትጀምሩ የቧንቧውን ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ አንድ ቀን ክፍት አድርጋችሁ አሳድሩ፣ ጥቂት አሳ ብቻ ጨምሩ፣ ምግቡን ቆጥቡ። ቀለም እየቀየረ አሞኒያና ናይትራይት የሚያሳየውን መመርመሪያም ግዙ። ያለ እሱ በጭፍን ነው የምትሄዱት።

ከኪቱ ጋር የመጣውን ጠጠርም ለወጥኩት። ከባድ ነበር፤ መደቡ መሃሉ ላይ መጉበጥ ጀምሮ ነበር። በምትኩ ሬድ አሽ፣ ቀዩን የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ አስገባሁ። ቀላል ነው፣ ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ባክቴሪያው ይወደዋል፣ ዋጋውም እዚህ ግባ አይባልም። ቀይ አቧራው እስኪያልቅ ደጋግማችሁ እጠቡት።

ምን በቀለ? ቆስጣና ሰላጣ እጅግ አምሮባቸዋል። ሰላጣውን ተክዬ በስድስተኛው ሳምንት ቆረጥኩ፤ ቆስጣው ደግሞ ዳር ዳሩን እየቀነጠስኩለት ዛሬም ይሰጣል። በሶብላው ሳሎኑን ሁሉ አውዶታል። ቲማቲም ግን አበባ አውጥቶ አረገፈ፤ የመስኮት ብርሃን አልበቃውም። ናና ደግሞ አደራ አትትከሉ። ሥሩ ሳይፈኑ ውስጥ ገብቶ ደፈነው፣ ከሥራ ስመለስ ምንጣፉ በውሃ ርሶ ጠበቀኝ።

ጥቅምት ላይ ለጋ ቅጠሎቹ ቢጫ ሆኑ፣ ደም ሥራቸው ብቻ አረንጓዴ ቀረ። የብረት እጥረት ነው፤ የአሳ ምግብ ውስጥ ያለው ብረት ለአትክልት አይበቃም። ለአትክልት የሚሸጠውን የሚሟሟ ብረት በጥቂቱ ስጨምር አዲሱ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጠው ትንሽ ተባይ) ሲመጣ ግን መድኃኒት መርጨት አይቻልም፣ አሳውን ይገድለዋል። በእጄ እየጠረግኩ፣ የባሰበትን ቅጠል እየቆረጥኩ ነው የጨረስኩት።

ከሁሉ የከበደኝ መብራት ነው። ታህሳስ ላይ አንድ ሌሊት ለሰባት ሰዓት ጠፋ። ፓምፑ ሲቆም ውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ያልቃል። በሞባይል መብራት ሳይ ሰባቱም አሳዎች ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና በጣሳ ውሃውን እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ ማፍሰስ ጀመርኩ። ትንሽ አርፋለሁ፣ እንደገና እቀዳለሁ። እንዲህ ስል ነጋ። አንድም አልሞተብኝም። በማግስቱ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ገዛሁ፤ ከኪቱ ጋር አብሮ መሸጥ የነበረበት እሱ ነው።

በዚያው ወር ብርዱም ነበር። ውሃው ከ20 ዲግሪ ሲወርድ ቆሮሶ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል። በልማድ የምሰጠውን ብሰጥ ኖሮ የተረፈው በስብሶ አሞኒያ ይሆን ነበር። በአምስት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ መስጠት የለመድኩት ያኔ ነው።

ወጪው? ፓምፑ ቀን ከሌት ቢሠራም በወር 13 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው የሚወስደው። ውሃ በሳምንት አንድ ባልዲ እሞላለታለሁ። አሳዎቹ ዛሬ የመዳፌን ያህል አክለዋል። አሳ ለመብላት ብላችሁ ከሆነ ግን አትልፉ፤ አሞራ ገደል የአሳ ገበያ ሄዳችሁ ግዙ። ይሄ የቅጠላ ቅጠል ዕቃ ነው።

ኪቱን ደግሜ አልገዛውም። መደቡ ስስ ነው፣ ወረቀቱ ያሳስታል። እናቴ ግን መጥታ ቆስጣውን በእጇ ቀንጥሳ ከሠራች ወዲህ "ለእኔም ቤት አንድ" ብላኛለች። ለእሷ ሰማያዊውን በርሜል ለሁለት አስቆርጬ እሠራላታለሁ ብዬ ተነስቻለሁ። ሬድ አሹን አጥቤ በረንዳ ላይ አስጥቼዋለሁ።