የአንጎል ደም ፍሰት ካርታ፦ ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ እንዳትወስኑ

በስትሮክ ጥናት ሥራዬ በየቀኑ የምከፍተው የሲቲ ፐርፊውዥን ሶፍትዌርን፣ ማለትም ከሲቲ ስካን ምስሎች የአንጎልን የደም ፍሰት ካርታ የሚሠራውን ፕሮግራም ነው። ወድጄዋለሁ፤ ግን የምለው አለኝ።

ኮንትራስት (ደሙን በምስሉ ላይ የሚያጎላ ፈሳሽ) በደም ስር ይሰጣል፤ ማሽኑ አንድ ደቂቃ ለሚሆን ጊዜ አንጎሉን ደጋግሞ ያነሳል። ሶፍትዌሩ ደሙ የት ቶሎ እንደደረሰ፣ የት እንደዘገየ አስልቶ በቀለም ያወጣዋል። እኔ በምጠቀምበት ላይ ፍሰቱ ከጤነኛው ክፍል ከ30 በመቶ በታች የወረደበት ቦታ ሮዝ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ደሙ ከ6 ሰከንድ በላይ የዘገየበት ደግሞ አረንጓዴ። ከአረንጓዴው ሮዙ ሲቀነስ የሚተርፈው ነው የኛ ተስፋ፦ ደም የራበው፣ ግን ገና ያልሞተ።

ትልቁ ውለታው ሰዓት ከመቁጠር ማውጣቱ ነው። ድሮ ሕመሙ ከጀመረ 6 ሰዓት ካለፈው ደም ስሩን የዘጋውን የረጋ ደም በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) ማውጣት በአብዛኛው አይደረግም ነበር። ተኝቶ ሳለ የመታው ሰውስ? መቼ እንደጀመረው ማን ያውቃል? በ2018 የታተመው ዲፊውዝ 3 የተባለ ጥናት ከ6 እስከ 16 ሰዓት የቆዩ 182 ታካሚዎችን በእንዲህ ዓይነት ካርታ መረጠ። ከሦስት ወር በኋላ ራሳቸውን የቻሉት፣ የረጋው ደም ከወጣላቸው 45 በመቶ፣ በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት 17 በመቶ ነበሩ። ይሄን ቁጥር አሁንም ሳየው ደስ ይለኛል።

ችግሩ፣ ሶፍትዌሩ ሲሳሳትም ያው በራስ መተማመን ነው ቁጥር የሚሰጠው። አንዴ አረንጓዴው በሁለቱም ጎን የተበታተነ ካርታ መጣልኝ፤ ቁጥሩን ብቻ ላየ ጉድ ነው። የኮንትራስቱን ግራፍ ስከፍተው እንደ መጋዝ ጥርስ ይዘላል። ሰውየው ጭንቅላቱን ሲያዞር ነበር! ትንንሽ ስትሮኮችም ያመልጡታል። ቶሎ በመጣ ታካሚ ላይ ደግሞ ሮዙ አንዳንዴ ይጋነናል፤ ሞተ የተባለው ክፍል ደሙ ቶሎ ሲመለስለት ይተርፋል።

ለሕክምናው የሚመረጠውን የሚወስነው የሮዙ መጠን ገደብም የድንጋይ ላይ ጽሑፍ አይደለም። ዲፊውዝ 3 ሮዙ ከ70 ሚሊ ሊትር በታች የሆነውን ብቻ ነበር የተቀበለው። በ2023 የታተሙት ሴሌክት 2 እና ኤንጅል አስፔክት የተባሉ ጥናቶች ግን ትልቅ ጉዳት ያለባቸውም ከሕክምናው እንደሚጠቀሙ አሳይተዋል። ስለዚህ በዚህ ቁጥር ብቻ ሰው አትመልሱ።

ለጥናት ልትገዙ ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ ግራፉንና ጥሬ ምስሉን አሳዩኝ በሉ። የመጨረሻውን ባለቀለም ገጽ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ይቅርባችሁ።