ጠባቡ ቤት ወይስ ሩቁ ሰፈር?

ሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሲወስድህ፣ ልጅህም ዘጠነኛ ክፍል ከደረሰ፣ ምርጫው ሁለት ነው። አንዱ ጥሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለበት ሰፈር፤ ኪራዩ ኪስ ያራቁታል፣ ቤቱም ጠባብ ነው። ሌላው ወጣ ያለ፣ ሰፊና ርካሽ ሰፈር።

ርካሽ ነው ከማለትህ በፊት ግን አስላው። መሄጃው 45 ደቂቃ ከሆነ፣ ደርሶ መልሱ በ5 ቀን 7 ሰዓት ተኩል ይበላል። ነዳጁን ሳንቆጥር!

እኔ ብሆን ጠባቡን እከራያለሁ። ልጁ ለክለብ ቢያመሽ እንኳ በእግሩ ይመጣል። ወደ ሩቁ ሰፈር የሚመልሰው አውቶቡስ ካመለጠው ግን ስልክህ ይጮሃል። ልጆቹ ገና ትንንሽ ከሆኑ ሩቁ ያዋጣል።

ከመፈረምህ በፊት የቤቱን አድራሻ ይዘህ ትምህርት ቤቱን ጠይቅ። አንዳንዴ ትምህርት ቤቱ ተማሪ የሚቀበልበት አካባቢ መንገዱ ጋ ያበቃል፤ ማዶ ያለው ቤት ሌላ ትምህርት ቤት ይደርሰዋል።