ክሪከት፣ ሲልሁዌት ወይስ ብራዘር፦ ለወረቀት ሥራ የትኛው መቁረጫ ማሽን ይሻላል?

የሠርግ መጥሪያ፣ የእንቁጣጣሽ ካርድ፣ የስጦታ ሣጥን፣ ኬክ ላይ የሚሰካ ስም በመቀስና በካተር የሚሠራ ሰው አንድ ቀን የማሽን ዋጋ መጠየቁ አይቀርም። ሻጩ ቀድሞ የሚያወራለት ስለ ጉልበት ነው፤ ቆዳ ይቆርጣል፣ ስስ እንጨት ይቆርጣል ይለዋል። ለወረቀት ሠሪ ግን ጉልበት መጨረሻ ላይ የሚጠየቅ ነገር ነው። ባለ 200 ግራም ካርድ ወረቀት ከእነዚህ ማሽኖች ትንሹም ይቆርጠዋል። ማሽኑን በሁለት ወሩ አቧራ የሚያስጠጣው ሌላ ነው፦ ኢንተርኔት ሲጠፋ አብሮ የሚቆም ሶፍትዌር፣ አልቆ የማይተካ ምላጭና ማት (ወረቀቱ የሚለጠፍበት ንጣፍ)፣ በፊደላችን መጻፍ ሲፈለግ የሚመጣው ጣጣ። ስለዚህ ንጽጽራችን ከዚያ ይጀምራል።

አሠራራቸው ተመሳሳይ ነው። በቀለም ፈንታ ምላጭ የታሰረበት ፕሪንተር ብላችሁ አስቧቸው። ወረቀቱ የሚያጣብቅ ማት ላይ ይለጠፋል፣ ጎማዎቹ ማቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወስዱታል፣ ምላጩ ደግሞ ግራና ቀኝ ይሄዳል። ልዩነቱ ያለው ትእዛዙ ከየት እንደሚመጣ ነው።

ክሪከት

መሥሪያ ቤቱ አሜሪካ፣ ዩታ ነው። ለወረቀት ሥራ የሚጠየቁት ኤክስፕሎርና ሜከር የሚባሉት ናቸው፤ ሁለቱም 30.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ማት ይወስዳሉ። የኤክስፕሎር 3 ጉልበት 400 ግራም ሲሆን የሜከር 3 ደግሞ 4 ኪሎ ነው። አሥር እጥፍ መሆኑን የሰማ ሁሉ ሜከርን ይመኛል። ነገር ግን የሜከር ትርፍ ጉልበት የሚታየው ጨርቅ በሚቆርጠው ክብ ምላጭና እስከ 2.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ካርቶን ደጋግሞ እየሄደበት በሚበሳው ወፍራም ቢላ ላይ ነው። ለወረቀት ሠሪ የሚጠቅመው አንድ ነገር ማጠፊያ መስመር የሚያወጣው ጎማ ነው፤ ወፍራም ወረቀት ሲታጠፍ ጠርዙ እንዳይሰነጠቅ ጠለቅ ያለ መስመር ያወጣል። ኤክስፕሎር ለዚሁ ሥራ ጫፉ ዱልዱም የሆነ እስክሪብቶ መሰል መሣሪያ አለው፣ ለካርድና ለትንሽ ሣጥን ይበቃል። ሜከር በዋጋ ከኤክስፕሎር ይበልጣል። ሥራችሁ ወረቀት ብቻ ከሆነ በልዩነቱ ማትና ምላጭ ግዙበት።

ጆይ ትንሹ ነው፣ የማቱ ስፋት 11.4 ሴንቲ ሜትር ብቻ። ለነጠላ ካርድና ለስም መለያ ይሆናል፣ ከዚያ አያልፍም። ጆይ ኤክስትራ እስከ 21 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚቆርጥ ኤ4 ለሚጠቀም ሰው የተሻለ ነው። ሁለቱም ኮምፒውተር ወይም ስልክ ጋር የሚገናኙት በብሉቱዝ ነው፤ የገመድ መሰኪያ የላቸውም። ብሉቱዝ የሌለው የቆየ ዴስክቶፕ ያላችሁ ይህን አስቡበት።

የክሪከት ጥንካሬም ድካምም ዲዛይን ስፔስ የተባለው ሶፍትዌሩ ነው። ለጀማሪ ከሦስቱ ሁሉ ቀላል ነው፤ ወረቀቱን ከዝርዝር ትመርጣላችሁ፣ ግፊቱን እሱ ያውቃል። ሆኖም አካውንት ይፈልጋል። አስቀድማችሁ ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀመጣችሁትን ሥራ ያለ ኔት መክፈት ትችላላችሁ፤ ማሽኑን ለማስመዝገብና አዲስ ሥዕል ለማስገባት ግን ኔት ግድ ነው። በ2021 ኩባንያው ወርኃዊ ክፍያ የማይከፍሉ ሰዎች የራሳቸውን ሥዕል በወር ከ20 በላይ እንዳያስገቡ ሊያደርግ አስቦ ነበር፤ ደንበኞች ሲቆጡ በቀናት ውስጥ ተወው። ዛሬ የራስን ፋይል ማስገባት ነፃ ነው፣ ወርኃዊው ክፍያ የእነሱን ሥዕልና ፎንት ለሚፈልግ ነው። ነገሩን ያነሳነው ሶፍትዌሩ በማን እጅ እንዳለ እንድታስታውሱ ነው።

ያገለገለ ክሪከት በርካሽ ሲቀርብላችሁ ስሙን አንብቡ። ክሪከት ሚኒ የሚሠራበት ፕሮግራም በ2018 ስለተዘጋ ዛሬ ዕቃ ብቻ ነው። በካርትሪጅ የሚሠሩት አሮጌዎቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ ካርትሪጁ ውስጥ ካለው ሌላ ግን አይቆርጡም፣ የአማርኛ ፊደልም የለበትም።

ሲልሁዌት

ይህም የዩታ ነው፤ ማሽኖቹን የሚሠራው ግን የጃፓኑ ግራፍቴክ ነው፣ ለፋብሪካና ለማስታወቂያ ቤቶች መቁረጫ ሲሠራ የኖረ። ካሚዮ 30.5 ሴንቲ ሜትር፣ ፖርትሬት 20.3 ሴንቲ ሜትር ይቆርጣሉ። ኤ4 ወረቀት ስፋቱ 21 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ፖርትሬት ከዳር እስከ ዳር አይደርስበትም፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይቀራል። በኤ4 ልክ የተሰላ የሣጥን ንድፍ ያለው ሰው ይህችን ትንሽ ጉድለት ከገዛ በኋላ ነው የሚያውቃት።

ሲልሁዌት ስቱዲዮ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። መብራትና ኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ብቻውን ካሚዮን ያስመርጣል። ግፊትን፣ ፍጥነትን፣ የምላጭ ጥልቀትንና የመደጋገሙን ቁጥር ለየብቻ ማስተካከል ይቻላል። ኦቨርከት የምትባል ትንሽ ምርጫም አለችው፦ መስመሩ የጀመረበት ጋ ሲደርስ ምላጩ ጥቂት አልፎ ይቆማል፣ በዚህም ማእዘን ላይ ሳይቆረጥ የሚቀረው ክር ይጠፋል። ለጥልፍልፍ የመስቀል ንድፍና ለሐረግ ሥራ ይህች ምርጫ ወርቅ ናት።

ጉድለቱስ? ነፃው ስሪት ኤስ.ቪ.ጂ. የሚባለውን የንድፍ ፋይል አይከፍትም፤ ለዚያ የሚከፈልበት ዲዛይነር ኤዲሽን ያስፈልጋል። ከኢንተርኔት የሚወርደው ንድፍ አብዛኛው ኤስ.ቪ.ጂ. ስለሆነ ብዙ ሰው ቶሎ የሚጋጨው ከዚህ ጋር ነው። መውጫው ኢንክስኬፕ በተባለው ነፃ የሥዕል ሶፍትዌር ዲ.ኤክስ.ኤፍ. ወደሚባለው የፋይል ዓይነት ቀይሮ ማስገባት፣ ወይም ጥራት ያለው ፒ.ኤን.ጂ. ሥዕል አስገብቶ ሶፍትዌሩ ራሱ ጠርዙን እንዲከተል ማድረግ ነው። ሶፍትዌሩን ለመልመድም ከክሪከት ይልቅ ጊዜ ይወስዳል።

ብራዘር ስካን-ኤን-ከት

የብራዘር ስም በልብስ ስፌት መኪናና በፕሪንተር ይታወቃል። መቁረጫ ማሽኑን ከሌሎቹ የሚለየው በውስጡ ስካነር መኖሩ ነው፤ ኮምፒውተር የለው፣ ስልክ የለው፣ በራሱ ስክሪን ይሠራል። ኤስ.ዲ.ኤክስ የሚባሉት ስሪቶች የወረቀቱን ውፍረት ራሳቸው ለክተው ምላጩን ያስተካክላሉ፣ እስከ 3 ሚሊ ሜትርም ይወስዳሉ። ሲ.ኤም. የሚባሉት የቀደሙት ናቸው፤ ምላጩን በእጅ ማስተካከል ይጠይቃሉ፣ ስለዚህ ያገለገለ ስትገዙ ፊደሎቹን ለዩ። ዋጋው ከሦስቱ ከፍ ይላል።

እንደ እኛ አስተያየት ለአማርኛ ጽሑፍ የሚስማማው ዘዴ ያለው እዚህ ነው። እጃችሁ ለቁም ጽሕፈት የሚታዘዝ ከሆነ ስሙን በወፍራም ጥቁር ማርከር ነጭ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ማቱ ላይ ለጥፋችሁ አስገቡት፣ ማሽኑ አንብቦ የመቁረጫ መስመር ያደርገዋል። ፎንት ፍለጋ የለም። የስካነሩን መስተዋት በየጊዜው አለማጽዳት ግን ምሥሉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ያመጣል፣ ማሽኑም እሱኑ አምኖ ይቆርጠዋል።

ፊደል ሲቆረጥ

ክሪከትም ሆነ ሲልሁዌት ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነውን የአማርኛ ፎንት ይጠቀማሉ። ጣጣው የሚመጣው ቅርጹ ላይ ነው። ላቲኑ በተቀጣጠለ የእጅ ጽሕፈት ስሙን አንድ ወጥ አድርጎ ያወጣል፤ የእኛ ፊደል ለየብቻው ይቆማል። ኬክ ላይ የሚሰካ «ሰላም» ብትቆርጡ ሦስት የተበታተኑ ፊደሎች ታገኛላችሁ። ስለዚህ ከሥር 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ ይሣላል፣ የፊደሎቹ እግር ዘንጉ ውስጥ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር እንዲገባ ይደረጋል፣ ከዚያ ዌልድ በሚለው ትእዛዝ ሁሉም አንድ ይሆናሉ። «ላ» አንድ እግሯ አጭር ስለሆነ ዘንጉን የምትነካው በአንዱ ብቻ ነው፤ የምትሰበረውም እዚያው ነው። ወይ እግሯን አወፍሩት፣ ወይ ከጎኗ ካሉት ፊደሎች ጋር አስጠጓት። የ«ም» ቀዳዳዎች ውስጥ የሚቀረውን ቁራጭ በጣት ሳይሆን በመርፌ አውጡት።

እንደ ኒያላ ያሉ ፎንቶች ቀጭንና ወፍራም መስመር ያፈራርቃሉ፣ ለንባብ ያምራሉ፣ ሲቆረጡ ግን ቀጭኑ ጋ ይቀደዳሉ። በካርድ ወረቀት ላይ ከ2 ሚሊ ሜትር የቀጠነ መስመር አትተዉ፤ ውፍረቱ እኩል የሆነ ደማቅ ፎንት ይመረጣል። በማሽኑ እስክሪብቶ ማጻፍ የምትፈልጉ ደግሞ ተራ ፎንት ጠርዙን ተከትሎ ባዶ ሆድ ያለው ፊደል እንደሚያወጣ እወቁ። ስቴንስል (በቀዳዳው ቀለም የሚቀባበት ቅርጽ) ከሆነ ችግሩ ይገለበጣል፦ የ«ወ»፣ የ«ቀ»፣ የ«መ» መሃል ተቆርጦ ይወድቃል፣ በቀጭን ድልድይ ከውጪው ጋር ማያያዝ ያስፈልጋል።

መብራት

ዘመድ ከአሜሪካ ይዞላችሁ ሲመጣ የአሜሪካው 120 ቮልት፣ የኢትዮጵያው 220 ቮልት መሆኑን አትርሱ። አዳፕተሩ ላይ 100–240 የሚል ከተጻፈ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃል። ብራዘር ገመዱን በቀጥታ ማሽኑ ላይ ስለሚሰካ ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ ሳታነቡ እንዳትሰኩ። የብዙዎቹ የክሪከት አዳፕተሮች 18 ቮልትና 3 አምፔር፣ ማለትም 54 ዋት ነው፤ ትንሽ ዩ.ፒ.ኤስ. (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ይሸከመዋል። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ማሽኑ የት እንደደረሰ አያስታውስም። የተቆረጡትን ከንድፉ ላይ አጥፍታችሁ የቀሩትን በአዲስ ወረቀት አስጀምሩ፤ በዚያው ላይ ልቀጥል ማለት ድርብ መስመር ነው።

አጠቃቀምና የሚበላሸው ነገር

በማንኛውም አዲስ ወረቀት ላይ መጀመሪያ ጥግ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ካሬ ቁረጡ። ካሬው በመርፌ ሲነካ ብቻውን ከተነሣና ማቱ ላይ የቀረው ጭረት ለዓይን እምብዛም የማይታይ ከሆነ ግፊቱ ልክ ነው። ሥራው ሲያልቅም ማቱን ከማሽኑ ከማውጣታችሁ በፊት አንዱን ጥግ ቀስ ብላችሁ አንሡ። ካልተቆረጠ ክሪከት ላይ ቁልፉን ደግማችሁ ብትጫኑ በዚያው መስመር ላይ ይመለሳል። አንዴ ከወጣ በኋላ ግን ልክ በዚያው መስመር አይገባም።

ማንሣት የራሱ ዘዴ አለው። ወረቀቱን ከማቱ አትላጡ፤ ማቱን ገልብጣችሁ ማቱን ከወረቀቱ ላጡ። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ እንዳለ ይቀራል። ወረቀቱን የጎተተ ሰው የሚያገኘው እንደ ጥቅልል የተጠቀለለ መጥሪያ ነው፣ ያ ደግሞ ተመልሶ አይቀናም።

ማእዘን ሲቀደድ ሁሉም ሰው ግፊት ይጨምራል። ስህተት ነው። ምላጩ በመያዣው ውስጥ በነፃ መዞር አለበት፤ የወረቀት ብናኝ ከገባ ማእዘን ላይ መዞሩ ቀርቶ ይጎትታል። ስለዚህ መጀመሪያ ምላጩን አውጥታችሁ አጽዱ፣ የተጨማደደ የአሉሚኒየም ፎይል ላይም ደጋግማችሁ ውጉት። ቀጥሎ ማቱ መያዙን እዩ፣ ወረቀት ትንሽ ከተንሸራተተ ይቀደዳል። ሦስተኛው ወረቀቱ ራሱ ነው፦ ለስላሳና ጭረታማ የሆነ ርካሽ ካርድ፣ ወይም ክረምት ላይ እርጥበት ጠጥቶ የለሰለሰ። ወረቀቱን በላስቲክ አሽጎ ማስቀመጥ ለዚህ ይረዳል። ግፊት የሚነካው ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ ነው።

ብልጭልጭ ወረቀት ምላጭ ይበላል፤ ለእሱ የተለየ ምላጭ መድቡ። ክሪከት ላይ ባለ 80 ግራም ወረቀት በሰማያዊው ማት፣ ካርድ ወረቀት በአረንጓዴው ይቆረጣል። አዲስ ማት ከመጠን በላይ ስለሚይዝ መጀመሪያ በንጹሕ ቲሸርት መታ መታ አድርጉት። ሲደክም ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በለስላሳ ብሩሽ ታጥቦ በአየር ይድረቅ፣ በፎጣ ከተጠረገ ክሩ ይለጠፍበታል።

ታትሞ የሚቆረጥ ስቲከር ላይ ማሽኑ የሚመራው ዙሪያውን በታተሙት ጥቁር ምልክቶች ነው። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ብርሃኑ ተመልሶ ዳሳሹን ያደናግረዋል፤ ምልክቶቹ ላይ ብቻ የማያብረቀርቅ ስኮች መለጠፍ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ታዲያ ለማን የትኛው?

ስልክ ላይ ለሚሠራ፣ ኔቱ ለማይጠፋበት ጀማሪ፦ ኤክስፕሎር። ዲሲ ወይም ቴል አቪቭ ለሚኖርና ማትና ምላጭ ማግኘት ለማይቸግረውም እሱው ነው። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ሆኖ ትእዛዝ ተቀብሎ ለሚሸጥ ሰው ካሚዮ ያዋጣል፣ መልመጃ ጊዜውን ከታገሠ። በእጁ ለሚሥል፣ ኮምፒውተር ለሚሸሽ ስካን-ኤን-ከት። ሜከርን የምንመክረው ጨርቅም ለሚቆርጥ ብቻ ነው። ያው አንድ ዓይነት ፖስታ 300 ጊዜ የሚቆርጥ ደግሞ ኤሌክትሮኒኩን ይተወውና እንደ ሲዚክስ ያለ በእጅ የሚዞር ማሽን ከአንድ የብረት ቅርጽ ጋር ይግዛ፤ መብራትም አይፈልግ፣ ፍጥነቱም ይበልጣል።

ማሽኑ ከውጭ የሚመጣላችሁ ከሆነ በዚያው ሻንጣ 3 ማት፣ ቢያንስ 5 ትርፍ ምላጭና 1 መልቀሚያ መርፌ አስጨምሩ። ምላጩ የማሽኑን ስም የጠቀሰ መሆኑን ከመከፈሉ በፊት ፎቶውን አስልካችሁ እዩ፤ የክሪከት መያዣ ሲልሁዌት ውስጥ አይገባም።